የፎስተር ቤተሰብ ማመልከቻ ኦንላይን ገብቶም ለምን ሰው ያባርራል?

አንዲት የማውቃት ነርስ አለች፣ ማታ ማታ ነው የምትሠራው፣ ልጆቿ አድገው ወጥተዋል፣ ቤቷ ውስጥ አንድ ክፍል ባዶውን ተቀምጧል። ፎስተር ቤተሰብ ልሁን ብላ ወሰነች፣ ማለትም ወላጆቻቸው ለጊዜው ሊያሳድጓቸው ያልቻሉ ልጆችን በአደራ ተቀብላ ልታኖር። ንጋት ላይ ከሥራ ስትመለስ ስልኳን ይዛ ፎርሙን ጀመረች። ገጽ 9 ላይ ሲደርስ ላለፉት 10 ዓመታት የኖረችባቸውን አድራሻዎች በሙሉ ከነቀናቸው ይጠይቃል። ተነስታ የድሮ ወረቀቶቿን ፈልጋ ስትመለስ ስክሪኑ ላይ “የቆይታ ጊዜዎ አልቋል” የሚል ጽሑፍ ጠበቃት፣ የሞላችው በሙሉ ጠፍቷል። በሌላ ቀን እንደገና ጀምራ ያንን ገጽ አለፈችና የሐኪም ማስረጃ ስካን አድርገሽ በፒዲኤፍ ጫኚ ተባለች፣ እሷ ጋ ስካነር የለም። ሦስተኛ አልሞከረችም። መሥሪያ ቤቱ ደሞ ይሄን አያውቅም፣ ያልተላከ ፎርም የትም አይመዘገብማ። በነሱ ሪፖርት ላይ እሷ የምትባል ሰው የለችም።

የፎስተር ቤተሰብ እጥረት ሲነሳ የሚሰማው ወሬ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው፣ ሰው ጠፋ፣ ሰው ራሱን ብቻ የሚያይ ሆነ፣ ማስታወቂያ እናብዛ። እኔ ግን ማስታወቂያው ላይ ተጨማሪ ገንዘብ ከመፍሰሱ በፊት በሩ ላይ ምን እንዳለ ይታይ ነው የምለው። እንግሊዝን እንይ፣ እዛ ቁጥሩ በየዓመቱ ስለሚወጣ። ኦፍስቴድ የሚባለው የቁጥጥር መሥሪያ ቤት እንዳወጣው እ.ኤ.አ. እስከ መጋቢት 2021 በነበረው አንድ ዓመት ውስጥ 160,635 የመጀመሪያ ጥያቄዎች መጥተው ማመልከቻ ሆነው የገቡት 10,145 ብቻ ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እስከ መጋቢት 2023 ባለው ዓመት፣ ጥያቄው 125,195 ማመልከቻው 8,010 ሆነ። ጠያቂው ቀነሰ፣ አመልካቹም ቀነሰ፣ በመሃል ያለው ገደል ግን ንቅንቅ አላለም፣ በሁለቱም ዓመት ከ16 ጠያቂ አንዱ እንደማለት ነው ፎርም የሚያስገባው። እርግጥ አንድ ቤተሰብ ሦስት ድርጅት ጋ ደውሎ ሦስት ጊዜ ሊቆጠር ይችላል፣ ብዙውም እስቲ ልወቀው ብሎ ብቻ የጠየቀ ነው፣ ስለዚህ 15ቱ በሙሉ በፎርም ምክንያት ቀሩ ብል ዋሸሁ። ግን በጥያቄና በማመልከቻ መሃል የሚቀረው ሰው ይሄን ያህል ከሆነ እዛ መሃል ያለውን ነገር ገልብጦ ማየት ግድ ነው፣ እዛ መሃል ያለው ደሞ በአብዛኛው አንድ ዌብሳይት፣ አንድ ፎርምና መልስ የሚጠበቅበት ጊዜ ነው።

ጊዜው ለምን እንደሚያስጨንቀኝ ልንገራችሁ። ሩማኒያ ቡካሬስት ውስጥ እ.ኤ.አ. 2001 በተጀመረና ቻርልስ ኔልሰን፣ ናታን ፎክስና ቻርልስ ዚናህ በመሩት ጥናት ላይ በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋም ይኖሩ የነበሩ 136 ሕፃናት፣ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 31 ወር የሆነ፣ በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፣ ግማሾቹ ወደ ፎስተር ቤተሰብ እንዲሄዱ ግማሾቹ በነበሩበት እንዲቀጥሉ። ውጤቱ ብዙ ዝርዝር አለው፣ ለኛ የሚሆነው ግን ይሄ ነው፤ ቤተሰብ የገቡት ልጆች ተሻላቸው፣ ከነሱም ውስጥ 2 ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት በብዙ ነገር፣ በተለይ ከሰው ጋር በሚፈጥሩት ትስስር፣ ዘግይተው ከገቡት በለጡ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ. 2009 ባጸደቀው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ ላይ በተለይ ከ3 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ቤተሰብ ውስጥ ነው መኖር ያለባቸው የሚል አለበት። እንግዲህ ለኛ 4 ወር ምንም አይደለም፣ ለአንድ የ2 ዓመት ልጅ ግን የዕድሜው 6ኛ እጅ ነው። ፎርሙ አንድ ሰው ኢንቦክስ ውስጥ 4 ወር ሲተኛ የሚተኛው ወረቀት ብቻ አይደለም።

እሺ፣ አንድ ነገር መካድ የለበትም። ይሄ የጂም አባልነት ምዝገባ አይደለም፣ ልጅ ነው የሚሰጠው፣ ያውም ብዙ ጊዜ ቀድሞ የተጎዳ ልጅ። ስለዚህ ማጣራት አለ፣ ይኑርም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. 2006 የወጣው አዳም ዋልሽ የተባለው ሕግ አመልካቹ አሻራ ሰጥቶ በአገር አቀፍ የወንጀል ዴታቤዝ እንዲታይ ያዛል፣ በዛ ላይ አመልካቹም ሆነ ቤቱ ውስጥ የሚኖር ሌላ አዋቂ ባለፉት 5 ዓመታት በኖረበት ስቴት ሁሉ ያለው የሕፃናት ጥቃት መዝገብ ይታያል። እንግሊዝ ደሞ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ሥራውን ለሁለት ደረጃ ከፍላዋለች፣ በመጀመሪያው መሠረታዊ መረጃና የጀርባ ማጣሪያ፣ በሁለተኛው ሶሻል ወርከር (የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ) ቤት እየተመላለሰ የሚሠራው ጥልቅ ግምገማ፣ የቤት ጥናት የሚባለው፣ ከዛ ጉዳዩን የሚመረምር ፓነል (ቡድን) ይቀመጣል፣ የመጨረሻውን ቃል ድርጅቱ ውስጥ የተመደበ ወሳኝ ሰው ይሰጣል። ይሄ ሁሉ ልጁን የሚጠብቅ ነገር ነው፣ አንዱም ይቅር አልልም።

የኔ ጥል ከሌላው ጋር ነው። ልጅን የሚጠብቅ ማጣሪያ አለ፣ ማንንም የማይጠብቅ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ደሞ አለ፣ ሁለቱ አንድ ፎርም ውስጥ ተደባልቀው ሲቀመጡ ሁለተኛው በመጀመሪያው ስም ይከበራል። ያን ስካነር የለኝም ብላ የቀረችውን ነርስ ያጣራት ነገር ምንድነው? ለልጅ ትሆናለች አትሆንም የሚለው አልተጠየቀም እኮ። የተጠየቀችው ላፕቶፕ አለሽ ወይ፣ ቀን ቀን ቢሮ ትቀመጫለሽ ወይ፣ የቢሮ ቋንቋ ይገባሻል ወይ የሚለው ነው። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው፣ የሚኖርበት አገር ቋንቋ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ሰው፣ ያለችው ስልክ ብቻ የሆነች አያት፣ እነዚህ ናቸው ቀድመው የሚወድቁት፣ እንደውም ብዙዎቹ ልጆች የመጡት ከነዚሁ ሰዎች አካባቢ ነው።

ብዙ ቦታ “ኦንላይን አድርገነዋል” ሲባል የተደረገው ምንድነው መሰላችሁ፣ የድሮው ባለ 20 ገጽ ወረቀት እንዳለ ስክሪን ላይ ተለጥፏል። ከድጡ ወደ ማጡ። ወረቀቱ ቢያንስ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅሃል፣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ያየዋል፣ ያልገባህን ዘለህ ትሄዳለህ። ስክሪኑ ግን ቀይ ኮከብ ያለበትን ሳጥን ሳትሞላ አያሳልፍም። መጀመሪያ መደረግ የነበረበት ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ አውጥቶ መልሱ ለማን ነው፣ ምን ይሠራበታል፣ ደሞስ አሁን ነው ወይስ ከሁለት ወር በኋላ የሚያስፈልገው ብሎ መጠየቅ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ዌብሳይት የሆነውን ጎቭ ዶት ዩኬን የሠሩት ሰዎች ይሄን ሥራ ፎርም ከመሠራቱ በፊት እንዲደረግ ይመክራሉ፣ ከዛም አንድ ገጽ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ ይላሉ። አንድ ገጽ አንድ ጥያቄ ሲባል ሰው ይረዝማል ብሎ ይደነግጣል፣ ስልክ ላይ ግን ይቀላል፣ የት ጋ እንደተሳሳትክ ታያለህ፣ የማይመለከትህን ጥያቄ ደሞ ፎርሙ ራሱ ይዘልልሃል። የትዳር ጓደኛ የለኝም ያለን ሰው ስለ ትዳር ጓደኛው ጤና ሦስት ገጽ መጠየቅ ምን የሚሉት ነው?

በዚህ ሥራ ውስጥ ያሉ ሰዎች ጥያቄ መቀነስ ሲባሉ የሚሰጡት መልስ “ሁሉም ያስፈልጋል” ነው። ሊያስፈልግ ይችላል፣ ግን በመጀመሪያው ቀን ነው ወይ? የመኪና ኢንሹራንስ ቁጥር፣ የውሻው ክትባት፣ የጭስ መጠቆሚያው የተገጠመበት ቀን፣ ሶሻል ወርከሯ ቤት ስትመጣ በ10 ደቂቃ የምታየው ነገር ነው። በመጀመሪያው ቀን የሚያስፈልገው ስም፣ ስልክ፣ ቤቱ ውስጥ ማን ማን ይኖራል፣ የት ነው የምትኖሩት፣ መቼ ብንደውል ይመቻል። በቃ። ከዛ ሰው ይደውል። የተቀረው እያደር ይሞላል፣ ሂደቱ እየሄደ።

ሌላው የማይገባኝ ነገር፣ ገና ምንም ሳይነበብ “አካውንት ይክፈቱ” የሚለው በር ነው። ፓስወርዱ 12 ፊደል፣ አንድ ትልቅ፣ አንድ ምልክት፣ ኢሜይል ገብተህ አረጋግጥ፣ የተላከልህ ሊንክ በ15 ደቂቃ ይሞታል። ገና ለማወቅ የመጣን ሰው እንዲህ ማድረግ ምን እንደሚያመጣ በትልቁ የታየው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2013 አሜሪካ የጤና መድን መሸጫ ዌብሳይቷን ስትከፍት ነው፣ ሰው የመድን ዓይነቶቹን ከማየቱ በፊት አካውንት ይክፈት ተባለ፣ ሁሉም እዛች በር ላይ ተከመረ፣ ሌላውም ችግር ተጨምሮበት በመጀመሪያው ቀን ምዝገባ የጨረሱት 6 ሰዎች ነበሩ። ስድስት። ፎስተር ላይ እንደዛ ዓይነት ግርግር አይፈጠርም፣ ስለዚህ ዜናም አይሆንም፣ ሰው ዝም ብሎ ይሄዳል።

ከበሩ በፊት መኖር ያለበት እውነቱ ነው። ብዙ ሰው የማያመለክተው እኔን አይቀበሉኝም ብሎ ራሱን ስለጣለ ነው፣ ተከራይ ነኝ፣ አላገባሁም፣ ዕድሜዬ ሄዷል፣ ልጅ እያለሁ ፖሊስ ጣቢያ ገብቻለሁ፣ የጭንቀት መድኃኒት ወስጃለሁ። የሚያስጥለው ነገር ምን እንደሆነ በሕግ ተጽፎ እያለ ዌብሳይቱ ላይ ግን “የወንጀል ታሪክ ማጣሪያ ይደረጋል” የሚል አንድ መስመር ብቻ ትቶ ሰውን ማስፈራራት ምን ይጠቅማል። ለምሳሌ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ በልጅ ላይ የተፈጸመ ወንጀል፣ በሕፃናት ጥቃት ወይም ቸልተኝነት ወይም በትዳር ጓደኛ ላይ በተፈጸመ ጥቃት በከባድ ወንጀል መፈረድ፣ አስገድዶ መድፈርና ግድያን የመሳሰሉት ለዘላለም ያስጥላሉ፤ በድብደባና በዕፅ የተፈረደ ከባድ ወንጀል ደሞ ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ ከሆነ ያስጥላል። ሌላው እንደ ሁኔታው የሚታይ ነው፣ ስቴቱ የራሱን ሊጨምር ቢችልም። ይሄን በቀላል ቋንቋ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ብትጽፈው ከ20 ዓመት በፊት በሠራት ጥፋት እያፈረ የተቀመጠ ሰው እስቲ ልሞክር ይላል፣ የማይሆነውም ሰው ጊዜውንም ጊዜህንም አያባክንም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ፣ ስለ ሕይወት የሚጠየቁት ጥያቄዎች። ልጅ መውለድ ሳትችሉ ቀርታችሁ ታውቃላችሁ? ልጅ ሞቶባችኋል? በልጅነትህ ተደብድበህ ታውቃለህ? የአእምሮ ሕመም ታክመህ ታውቃለህ? እነዚህ መጠየቃቸው ልክ ነው፣ የተጎዳ ልጅ የራስህን ያልሻረ ቁስል ሊነካው ይችላል፣ ገምጋሚዋ ማወቅ አለባት። ግን “አዎ” እና “አይ” በሚሉ ሁለት ክቦች፣ ከሥሩ 200 ፊደል ብቻ በሚቀበል ሳጥን፣ መልሱን ማን እንደሚያነበው ሳይነገር? ልጅ የቀበረ ሰው እዛ ሳጥን ላይ ምን ይጻፍ? ሰው እዚህ ጋ ከሦስት አንዱን ነው የሚያደርገው፣ ፎርሙን ይዘጋል፣ “አይ” ብሎ ይዋሻል፣ ወይ አጭር ነገር ጽፎ ስድስት ሳምንት ሲጨነቅ ይከርማል። መዋሸቱ ደሞ ኋላ ሲገለጥ “ሐቀኛ አይደለም” ተብሎ ያስጥለዋል፣ ነገሩ ራሱ ሳያስጥለው። በኔ እምነት እነዚህ ጥያቄዎች ኦንላይን ፎርሙ ላይ መኖር የለባቸውም፣ ርዕሳቸው ብቻ ይነገር፣ “በቤት ጥናቱ ጊዜ ስለ ልጅነትዎ፣ ስላጡት ሰው፣ ስለ ጤናዎ እንነጋገራለን፣ አዎ ማለት በራሱ አያስጥልም” ተብሎ ይጻፍ፣ ከዛ ሰው ከሰው ጋር ተቀምጦ ያውራው። ያለፈበትን ችግር አውጥቶ የሚናገር ሰው ብዙ ጊዜ ጥሩ አሳዳጊ ነው፣ ይሄን የሚያይ ደሞ ዓይን እንጂ ሳጥን አይደለም።

ከዚህ ያልተናነሰ የሚያበሳጨኝ የልጅ መምረጫ ዝርዝሩ ነው። ብዙ ፎርሞች ላይ “የሚከተሉትን ልጆች ይቀበላሉ?” የሚል አለ፣ አልጋ ላይ የሚሸና፣ የሚዋሽ፣ የሚሰርቅ፣ ከቤት የሚጠፋ፣ እሳት የሚጭር፣ የአካል ጉዳት ያለበት፣ ከ12 ዓመት በላይ፣ ሦስት ወንድማማቾች አንድ ላይ። ገና ምንም ሥልጠና ያልወሰደ ሰው ብቻውን ስልኩ ላይ ይሄን ሲያይ ምን ያደርጋል፣ አይ አይ አይ አይ እያለ ይወርዳል፣ እኔም ብሆን እንደዛው። ችግሩ መልሱ ሲስተሙ ውስጥ ይቀራል፣ ከስድስት ወር በኋላ ሥልጠናውን ጨርሶ፣ አልጋ ላይ መሽናት ከፍርሃት እንደሚመጣ ገብቶት፣ ልቡ ተለውጦ እያለ ኮምፒዩተሩ ግን በድሮው “አይ” ያልፈዋል። ትልልቅ ልጆችና ወንድማማቾች ቤት አጡ ይባላል፣ እንዲህ ያለ ዝርዝር መልሱን ቀድሞ እያስሞላ። ይሄ ዝርዝር ከሥልጠናው በኋላ ይምጣ፣ እሱም ቢሆን ከሶሻል ወርከር ጋር፣ በየጊዜውም ይታደስ።

ስለ ቴክኒኩ ብዙ አልልም፣ የታወቀ ነገር ነው። በየገጹ በራሱ ሴቭ ያድርግ፣ በስልክ ቁጥር በሚላክ ኮድ ተመልሶ መግባት ይቻል፣ ሰነድ በስልክ ፎቶ አንስቶ መላክ ይበቃል፣ ፊርማ በጣት ይሁን፣ “አላውቅም” እና “በኋላ እሞላለሁ” የሚሉ መልሶች ይኑሩ። ዓይኑ የማያይ ሰው ጽሑፉን በድምፅ በሚያነብለት ስክሪን ሪደር ሊሞላው ይቻል። ሁሉም ሰው የቤተሰብ ስም የለውም፣ ሳጥኑ ያለ እሱ አላሳልፍም ካለ ሰው የፈጠራ ስም ይሞላል፣ ከዛ የአሻራው ውጤት በሌላ ስም ይመጣና ሌላ አንድ ወር። ትርጉምም እንደዛው፣ የሕግ ቃላት በማሽን ተተርጉመው ሲለጠፉ “አሳዳጊ” ያለው “ጠባቂ” ሆኖ ሰውን ያወናብዳል፣ ቋንቋውን የሚናገር ሰው አንዴ ቢያየው ምን አለበት።

ሰው የማያስተውለው ማነቆ ደሞ ምስክሮቹ ናቸው። አመልካቹ ሦስት ሰው ስም ይሰጣል፣ ለሦስቱም ረጅም ፎርም በፖስታ ወይ በኢሜይል ይሄዳል፣ አንዱ ስፓም ውስጥ ይገባል፣ አንዱ ይረሳዋል፣ አመልካቹ ጥፋት ሳይኖርበት ሁለት ወር ይቆማል። ማን እንዳልመለሰም አይነገረውም፣ ቢነገረው እኮ ደውሎ “ወንድሜ እባክህ” ይል ነበር። ለምስክሩ በስልኩ አጭር ሊንክ፣ በአንድ ሳምንት ማስታወሻ፣ ካልሆነም ሶሻል ወርከሯ ደውላ ራሷ ትጻፈው። እንደውም በስልክ የሚነገረው ብዙ ጊዜ ከተጻፈው የበለጠ እውነት አለው፣ ሰው ሲጽፍ ያሳምራል።

መንግሥት ያለውን መረጃ መልሶ ከሰው የሚጠይቅበት ነገርም አለ። ራሱ የሰጠህን የጋብቻ ማስረጃ ኮፒ አምጣ ይልሃል። ኢስቶኒያ እ.ኤ.አ. 2001 ኤክስ ሮድ የሚባል የመረጃ መለዋወጫ ዘርግታ መሥሪያ ቤቶች እርስ በርስ ይጠያየቁ እንጂ ዜጋውን ያንኑ መረጃ ደጋግማችሁ አትጠይቁ አለች። ሁሉም አገር ኢስቶኒያ አይሆንም፣ ግን አንድ ሕንፃ ውስጥ ያሉ ሁለት ክፍሎች አንድ መታወቂያ ሁለቴ ባይጠይቁ ከፍተኛ ቴክኖሎጂ አይጠይቅም። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከጥር 2017 ጀምሮ በመላው ስቴቱ ያደረገችው ነገር ደሞ ጥሩ ምሳሌ ነው፣ ለፎስተር፣ ለጉዲፈቻና ለዘመድ ቤተሰብ ለየብቻ የነበሩትን የማጽደቂያ መንገዶች አንድ አደረገቻቸው፣ ስለዚህ ፎስተር የነበረ ቤተሰብ ልጁን በጉዲፈቻ ልውሰድ ቢል ከዜሮ አይጀምርም። ፎርም ከማሳመርህ በፊት ስንት ፎርም አለ ብለህ ቁጠር ማለት ነው።

እና “ላክ” የሚለው ከተነካ በኋላ ያለው ዝምታ። ለኔ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። የቤቱን፣ የትዳሩን፣ የደመወዙን፣ የሕመሙን ነገር ዘርግፎ የላከ ሰው “ማመልከቻዎ ደርሶናል፣ ለዚህ ኢሜይል መልስ አይስጡ” ከሚል በስተቀር ለሳምንታት ምንም አይሰማም። ይደውላል፣ የያዘችው ሠራተኛ ለቃለች፣ ሌላ ትደውልልሃለች፣ ጆሮ ዳባ ልበስ። ተራ ዕቃ እንኳ ስናዝ የት እንደደረሰ ስልካችን ላይ እናያለን። እዚህም መታየት ያለበት ቀላል ነው፣ አሁን የት ደረጃ ላይ ነው፣ ማን ጋ ነው፣ የሚጠበቀው ከኔ ነው ከናንተ፣ ይሄ ደረጃ ብዙውን ጊዜ ስንት ሳምንት ይፈጃል፣ የማን ስልክ ልደውል። የእንግሊዙ ደንብ የመጀመሪያው ደረጃ መረጃ ተሟልቶ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ አመልካቹ አልሆንክም ከተባለ በጽሑፍ ከነምክንያቱ እንዲነገረው ያዛል፣ በኋላ ላይ ውሳኔው ካልተስማማውም ራሱን የቻለ አካል እንዲያየው መጠየቅ የሚችልበት መንገድ አለ። ይሄ መብት ግን አመልካቹ ጉዳዩን በሚከታተልበት ገጽ፣ ዳሽቦርዱ ላይ፣ ካልተጻፈ ማን ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር፣ የሚያምር ዳሽቦርድ ገዝቶ ሠራተኛ አለመጨመር ራስን ማታለል ነው። ፎርሙ ሲቀልል ማመልከቻ ይበዛል፣ ቤት የሚሄዱት ሶሻል ወርከሮች ግን ያው አራት ናቸው፣ ስለዚህ ወረፋው ከፎርሙ በፊት የነበረው ከፎርሙ በኋላ ይሆናል። ሶፍትዌሩ ሠራተኛዋን ከኮፒና ከፋክስ ካላሳረፋት፣ አመልካቹ የሞላውን እሷ እንደገና ሌላ ሲስተም ላይ የምትተይበው ከሆነ፣ ያተረፈ የለም።

“ትንሽ ቢያስቸግር ምን አለበት፣ ፎርም የሰለቸው ሰው ልጅ ይችላል?” የሚሉ አሉ፣ ብዙ ሰምቻለሁ። ትዕግሥትን በፒዲኤፍ የሚለካ ሰው ልጅ አሳድጎ አያውቅም መሰለኝ። ሌሊት የሚጮህ ልጅ አቅፎ እስኪነጋ የሚቀመጥ ሰው ፓስወርድ ሦስቴ ሲመለስበት ስልኩን ሊወረውር ይችላል፣ የማይገናኙ ነገሮች ናቸው። ማስቸገር ካለበት በሚጠቅም ቦታ ያስቸግር፣ ለምሳሌ ልጁ ከዓመት በኋላ ወደ ወላጆቹ ሊመለስ እንደሚችል፣ የወለዱት ሰዎች በየሳምንቱ ሊያዩት እንደሚመጡ፣ የቤታችሁ ልጆችም ነገሩን እንደሚሸከሙት በግልጽ ተጽፎ ሰውየው ቆም ብሎ እንዲያስብ፣ ቤቱ ውስጥ ያለ ሌላ አዋቂ ደሞ በራሱ ስልክ “እኔም ተስማምቻለሁ” ሳይል እንዳያልፍ። ይሄ መሰናክል ከሆነ ይሁን።

በሌላው ጫፍ ደሞ አመልካቹን በማሽን ነጥብ እየሰጠ የሚደረድር ሲስተም ይምጣ የሚሉ አሉ፣ እሱን አልፈልግም። “የትኛው ሰነድ ጎደለኝ” ለሚል ጥያቄ ቻትቦት ይመልስ፣ ማን ለልጅ ይሆናል የሚለውን ግን ድሮ የጸደቁትን ሰዎች እያየ የተማረ ማሽን ሲወስን ድሮ በር የተዘጋባቸውን ሰዎች እንደገና መዝጋት ነው የሚሆነው።

የተሞላው መረጃ የት እንደሚቀመጥም ይታሰብበት። ጀምሮ የተወው ሰው ታሪክ፣ የልጅነት በደሉና የሕክምናው ነገር፣ ለዓመታት ሰርቨር ላይ ተኝቶ መቅረት የለበትም። የአውሮፓ የዴታ ጥበቃ ሕግ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ የሚያስፈልግህን ያህል ብቻ ሰብስብ፣ ከሚያስፈልግህ ጊዜ በላይ አታስቀምጥ ይላል፣ ሕጉ የማይመለከተው አገርም ቢሆን ሐሳቡን መውሰድ ይችላል። ይሄንንም ሰው ሊያነበው በሚችል ሁለት መስመር መንገር ነው፣ በ30 ገጽ “ውሎችና ሁኔታዎች” አይደለም።

ተሻሻለ አልተሻሻለም በምን ይታወቃል? ስንት ማመልከቻ ገባ በሚለው ብቻ ከተለካ ቀላል ነው፣ በአንድ ቀን ማብዛት ይቻላል። የትኛው ገጽ ላይ ሰው ተወ፣ ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ መጀመሪያው ስልክ ስንት ቀን፣ የጸደቀው ቤተሰብ ውስጥ በዓመቱ ልጅ የገባው ስንቱ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የቀጠለው ስንቱ፣ እነዚህ ናቸው የሚናገሩት። ከዛም በፊት ግን ነፃ የሆነ ነገር አለ፣ ፎርሙን አይቶ የማያውቅ አምስት ሰው ጥራና በየራሳቸው ስልክ እንዲሞሉት አድርግ፣ አጠገባቸው ተቀመጥ፣ ምንም አትርዳቸው። የፎርሙ ባለቤት የሆነው ኃላፊም እንዲቀመጥ አድርግ፣ ዝም ብሎ። እንደውም ራሱ ይሙላው፣ የ10 ዓመት አድራሻውን ከነቀኑ ያስታውስ እስቲ።

ብዙም የማይወራላቸው ዘመዶችን ሳላነሳ አላልፍም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. መስከረም 2022 መጨረሻ ላይ ፎስተር ኬር ውስጥ ከነበሩት 368 ሺህ ገደማ ልጆች አንድ ሦስተኛው ያህል ዘመድ ቤት ነበሩ፣ አያት፣ አክስት፣ አጎት። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 የወጣው የፌዴራል ደንብ ስቴቶች ለዘመድ የተለየ፣ የቀለለ መስፈርት እንዲያወጡ ፈቅዷል፣ የልጁ ደህንነት ማጣሪያ እንዳለ ሆኖ። ግን ደንቡ ቢወጣም ፎርሙ ካልተነካ ምን ዋጋ አለው፣ ብዙ ቦታ ዘመድም እንግዳም የሚሞላው ያው ፎርም ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ፖሊስና ሶሻል ወርከር የልጅ ልጇን ይዘውላት የመጡ አያት አስቡ፣ ልጁ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ሶፋ ላይ ተኝቷል፣ እሷ በነጋታው ወረቀት ካልጀመርሽ ድጋፉ አይመጣም ተብላ ስልኳን ይዛ ትሞላለች። ፎርሙ ይጠይቃታል፣ ከየትኛው ዕድሜ ክልል ልጅ ይፈልጋሉ? ወንድ ወይስ ሴት? ስለኛ አገልግሎት መጀመሪያ የሰሙት ከየት ነው፣ ከሬዲዮ፣ ከማስታወቂያ፣ ከጓደኛ? “ሌላ” የሚል ምርጫ የለም፣ ኮከቡ ቀይ ነው፣ ሳትመርጥ አያሳልፋትም።